ንጹህ አፈር ፍለጋ

ባለፈው በጋ አባቴ ፊቱና ክንዱ ላይ ሽፍታ ወጣበትና ሐኪሙ እስኪድን ድረስ ውሃ እንዳይነካው አዘዘ። በውሃ ታጥቦ ውዱእ ሳያደርጉ ደግሞ ሶላት የለም። ለእንዲህ ያለ ቀን ሃይማኖታችን መላ አለው፤ ተየሙም ይባላል። መዳፍን ንጹህ አፈር ላይ አሳርፎ ፊትንና እጅን ማበስ ነው። አፈር ማምጣቱ የእኔ ሥራ ሆነ። አፈር ምን ይጠፋል ብዬ ሳላስብ እሺ አልኩ።

አዳማ ላይ አፈር ጠፋ። ግቢያችን ሲሚንቶ፣ መንገዱ ኮብልስቶን ነው። ከቤታችን ጀርባ ባለው ባዶ ቦታ ፌስታል ስገፋ ሌላ ፌስታል፣ እሱን ስገፋ ዳይፐር አገኘሁ። ዝቅ ሲል ደግሞ የቤቶች ፍሳሽ ያቋርጠዋል። ሳስተምር ውዬ በዚያ ፀሐይ ቆሻሻ ስጭር ያየችኝ ጎረቤቴ፣ ወርቅ ጠፍቶብሽ ነው ወይ ብላ አሾፈችብኝ። አፈር ነው የጠፋብኝ አልኳት። እሷ ሳቀች፤ እኔ ግን ለመሳቅ እንኳ ደክሞኝ ነበር።

ቅዳሜ ሚኒባስ ተሳፍሬ ደራ ሄድኩ። አባቴ አርጅቶ እኔ ዘንድ እስኪመጣ ድረስ ቲማቲምና ሽንኩርት ያመርትበት የነበረው መሬት እዚያ ነው፤ አሁን ወንድሜ ያርሰዋል። ጉዳዩን ስነግረው ራሱ ቆፍሮ ሰጠኝና በንጹህ ሻርፕ ቋጠርኩት። ማሳው ጥግ ላይ ባዶ የመድኃኒት ጠርሙሶች ተከምረዋል። ተባይ መግደያውን መድኃኒት ነው የምንለው። ከልጅነቴ ጀምሮ የማየው ስለሆነ ልብ አላልኩትም።

አባቴ ሻርፑን ሲፈታ ፊቱ በራ። አንድ እጅ ዘግኖ ወደ አፍንጫው አስጠጋና እንደዚያው ቆየ። ከዚያ መልሶ ቋጠረው።

«መድኃኒት ይሸታል» አለኝ።

እኔ ምንም አልሸተተኝም። ያን ሁሉ መንገድ ደክሜ ስለነበር ተናደድኩ። የሰፈራችንን ኡስታዝ ሄጄ ብጠይቃቸው፣ ነጃሳ፣ እንደ ሽንትና ደም ያለ እርኩስ ነገር፣ እስካልነካው ድረስ ይበቃዋል አሉኝ። ሮጬ መጥቼ ነገርኩት። ኡስታዙ አልተሳሳቱም፣ ግን ያን መሬት እሳቸው አያውቁትም አለ።

«መሬቱ በአማና፣ በአደራ ነበር የተሰጠኝ» አለ ቀስ ብሎ። «መርጫውን አዝዬ ስረጨው የኖርኩት እኔ ነኝ። አሁን ንጹህ ነው ብዬ አላህ ፊት እንዴት ልቁም?»

 የአሱር ሶላት ሰዓት እያለቀ ነበር። ውሃም አፈርም ያጣ ሰው እንዲሁ ይሰግዳል፣ ያገኘ ቀን ግን ይደግመዋል አለኝ። እኔ ይህ ሕግ ለእስረኛ ብቻ የወጣ ይመስለኝ ነበር። አባቴ ግን ፊቱን ምንም ሳያስነካ ወደ መካ፣ ወደ ቂብላ ዞሮ ሰገደ።

ሽፍታው እስካሁን አልለቀቀውም። አፈር ፍለጋ ወለንጪቲ ደርሼ ስመለስ በመኪናው መስኮት መሬቱን አያለሁ፤ ቁጥቋጦው ሁሉ ፌስታል ለብሷል። ባዶ እጄን ስገባ አባቴ አፈር አገኘሽ ወይ ብሎ አይጠይቀኝም። ሰግዶ ሲጨርስ ብቻ፣ ለራሱ ነው የሚናገረው፣ «ይሄም ይደገማል» ይላል።