መስኮት ላይ የደበዘዘው ፎቶ

ኬሚካል የተቀባ ወረቀት ውሃ ሲነካው የሚያወጣው ሽታ አለ፤ ዝናብ የመታው የዛገ ቆርቆሮ ዓይነት። ባለፈው ቅዳሜ ያ ሽታ አዳራሹን ሞልቶት ነበር። እዚሁ አሰላ ወጣቶችን በፀሐይ ፎቶ ማተም አስተምራለሁ። ማሽን የለ፣ መብራት የለ፤ ወረቀቱን በብሩሽ ቀብተህ፣ ኔጋቲቭ የሚባለውን፣ ጥቁርና ነጩ የተገለበጠ የፎቶ ፊልም ጭነህበት፣ ፀሐይ ላይ አውጥተህ በሳፋ ታጥበዋለህ። ካሜራ ገና ብርቅ በነበረበት ዘመን የተጀመረ የእጅ ሥራ ነው። ሥዕሉ ሰማያዊ ሆኖ ይወጣል። አንዷ ተማሪዬ ያልደረቀ ሥራዋን በሁለት እጇ ይዛ መጣችና፣ "ቲቸር፣ ለኤግዚቢሽኑ መስኮቱ ላይ ብንለጥፈውስ? ብርሃን ሲያልፍበት ያምራል" አለችኝ።

ጮህኩባት። ልጅቷ ደንግጣ ወረቀቱን መሬት ላይ ጣለችው። ወዲያው ይቅርታ ጠየቅኋት፤ ለምን እንደጮህኩ ግን አልነገርኳትም። ለአንተ ልንገርህ፤ ነገሩ በሆዴ ብዙ ቆይቷል፣ እንደ ቆየ ነገር ግን ሊበርድልኝ አልቻለም።

አሥራ አንደኛ ክፍል ነበርኩ። የኬሚስትሪ መምህራችን ከጎንደር ተመድበው የመጡ፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው ከሁለተኛው ረድፍ የማያልፍ ሰው ነበሩ። የአሰላ ብርድ አልስማማቸው ብሎ ሹራብ ላይ ካፖርት ደርበው ነው የሚያስተምሩት። ይህን የፎቶ ሥራ በክበብ ሰዓት ያስተማሩን እሳቸው ናቸው። ከቤተ ሙከራው ጀርባ ባለች ጨለም ያለች ጓዳ ውስጥ ሁለት ኬሚካል ደባልቀው ወረቀቱን ይቀቡታል። ሲደርቅ የገብስ ዛላ ወይም ኔጋቲቭ እናስቀምጥበትና መስታወት ጭነንበት፣ በልብስ መቆንጠጫ ይዘን ወደ ሜዳው እንወጣለን። ከዚያ የሁላችንም ዓይን ጭላሎ ላይ ነው፤ ተራራው ደመና ከላከ ሥራው ይበላሻል። መስታወቱን ልናነሳ እጃችን ሲቁነጠነጥ፣ "ተዉት፣ ፀሐይ ሥራዋን ትጨርስ" ይሉናል። ወረቀቱ አመድማ ሲሆን ሳፋው ውስጥ እንነክረዋለን። ቢጫው በውሃው ይሄዳል፣ ሰማያዊው ይቀራል። ሞባይል ኪሳችን ያልገባበት ጊዜ ነበር፤ ግን እውነቴን ነው፣ ከገባ በኋላም ከዚያ የሚበልጥ ተአምር አላሳየኝም።

እናቴ የሞተችው የሦስት ዓመት ልጅ ሆኜ ነው። ፊቷን አላውቀውም። ያሳደገችኝ አክስቴ ቤት አንድም ፎቶዋ አልነበረም፤ የነበረው ቤት ስንቀይር ጠፍቷል። "እሷ እቴ፣ አንዴ ብቻ ነው የተነሳችው፣ ያውም እዚያ ዋናው መንገድ ላይ ያለው ፎቶ ቤት" ትለኝ ነበር አክስቴ። መምህራችን ከየቤታችሁ የቆየ ኔጋቲቭ አምጡ ሲሉ ሁሉም ይዞ መጣ። እኔ ባዶ እጄን መጣሁ። እኔ ደግሞ ማዘን ሲገባኝ የምናደድ ሰው ነኝ፤ እንዲህ ነው የተፈጠርኩት። "ይሄ የሕፃን ጨዋታ ነው!" ብዬ ብሩሹን ግድግዳው ላይ ወረወርኩት። መምህሩ ፊቴን ትንሽ አዩት እንጂ አልተቆጡም። አጠገቤ የምትቀመጠውን ጓደኛዬን፣ የኢተያውን የስንዴ ነጋዴ ልጅ፣ ለብቻዋ ጠርተው ነገሩን ጠየቋት። በማግስቱ እኔን፣ "የእናትሽን ስም ከነአባቷ ጻፊልኝ" አሉኝ።

ፎቶ ቤቱ መንገድ ሊሰፋ ነው ተብሎ በቀይ ቀለም ምልክት ተደርጎበት ነበር። ባለቤቱ ሽማግሌ ዕቃቸውን ሰብስበው አዳማ ልጆቻቸው ዘንድ ሊሄዱ ሲሉ መምህሩ ደረሱባቸው። በሳምንቱ አንድ የወየበ ፖስታ አመጡልኝ። ውስጡ የመዳፌን የሚያህል ኔጋቲቭ ነበር። ወደ ብርሃን አንስቼ አየሁት፤ ፊቷ ጥቁር፣ ፀጉሯ ነጭ፣ ማን እንደሆነች የማትታወቅ ሴት። "ስናትመው ትመጣለች" አሉኝ።

መጣች። ሳፋው ውስጥ፣ ከውሃው በታች፣ ሰማያዊ ሆና መጣች። አንገቷ ረዥም ነው። ነጠላዋ ከአንድ ትከሻዋ ወርዷል። ቅንድቧ ስብስብ ብሏል፤ ፀሐይ ዓይኗን የመታት መሰለኝ። ጓደኛዬ ጀርባዬን እየደበደበች፣ "ማሎ፣ እባክሽ አፍንጫዋን እዪው! ያንቺው ነው፣ ያንቺው አፍንጫ!" ትላለች። እኔ እጄን ውሃው ውስጥ እንደነከርኩ ጣቶቼ በብርድ እስኪደነዝዙ ቆየሁ።

ቀጥሎ ያለው ላይ የምናደደው በራሴ ነው። ለአክስቴም አንድ ላትምላት ፈለግሁ። መምህሩ ሁለተኛውን ወረቀት ቀብተው፣ "ይሄ በደንብ ይድረቅ፣ ነገ ትሠሪዋለሽ" ብለውኝ ወደ ክፍል ገቡ። ነገ! ጭላሎ ጠርቶ፣ ፀሐዩ እንደዚያ እያለ ማን ነገን ይጠብቃል? ኔጋቲቩን ገና እርጥበቱ ባለቀቀው ወረቀት ላይ ጫንኩት። መስታወቱን ሳነሳው ኔጋቲቩ ወረቀቱ ላይ ተጣብቋል። በጥፍሬ ሳላቅቀው የእናቴ ፊት ተልጦ ወረቀቱ ላይ ቀረ። አክስቴ ስትሰማ፣ "የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" አለችኝ። እኔ ግን የምለቅመው እንኳ አላገኘሁም። ከዚያ ቀን በኋላ በዓለም ላይ የእናቴ መልክ ያለው በዚያች በአንዲት ሰማያዊ ወረቀት ላይ ብቻ ነበር።

አሁን ወደ ዳይሬክተሩ ልምጣ። ሙት ወቃሽ አያድርገኝ፣ ሰውዬው ዛሬ በሕይወት የለም። ቢሆንም አንቱ ልለው አልችልም፤ እስከዛሬ አፌ እምቢ ይለኛል። የወላጆች ቀን ሲደርስ ሥራችንን በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ልናሳይ ተዘጋጀን። መምህሩ ሁሉንም ፎቶ፣ የእናቴንም ጭምር፣ ጥላ ያለበት ግድግዳ ላይ በየተራ ሰቅለው ነበር። ዳይሬክተሩ ጠዋት ገብቶ ዞር ዞር ብሎ አየና፣ "ጥግ ውስጥ ምን ይሠራል ይሄ? መስኮቱ ላይ ለጥፉት፣ ብርሃን ይለፍበት!" አለ።

መምህሩ በዚያ በማይሰማው ድምፃቸው፣ "ጌታዬ፣ ፀሐይ ያደበዝዘዋል። ጥላ ላይ ቢሆን ይሻላል" አሉ።

"በፀሐይ የተሠራ ነገር እንዴት አድርጎ ፀሐይ ያጠፋዋል? ኬሚስትሪህን ከልስ እንጂ አንተ!" ብሎ ሳቀ። ከኋላው የነበሩትም ሳቁ። እኛ ተማሪዎቹም፣ አፍሬ ነው የምነግርህ፣ ሳቅን። መምህሩ አቀርቅረው፣ "እሺ" አሉ።

ያ "እሺ" ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ። ሰው ትክክል መሆኑን እያወቀ እንዴት እሺ ይላል? ያኔ እንዲህ ስል ሰው አገር ተመድቦ፣ በኪራይ ቤት ብቻውን የሚኖር የመንግሥት ሠራተኛ ምን ማለት እንደሆነ አላውቅም ነበር። አሁን አውቃለሁ፤ ንዴቱ ግን አልለቀቀኝም።

ለአንድ ቀን የተባለው ኤግዚቢሽን ሁለት ሳምንት ቆየ። ዛሬ ከሲሬ እንግዳ፣ ነገ ከሮቤ እንግዳ፤ ዳይሬክተሩ መስኮቱ ሥር ቆሞ በእኛ ሥራ ይመጻደቃል። የደጋ ፀሐይ ታውቃለህ፣ አየሩ ይበርዳል እንጂ እሷ ታቃጥላለች። በስድስተኛው ቀን የእናቴ ነጠላ ከጀርባዋ ካለው ግድግዳ ጋር መቀላቀል ጀመረ። እንግዳ ከሌለ አዳራሹ ቁልፍ ነው። ስለዚህ ዳይሬክተሩ ቢሮ ሄድኩ።

"ፎቶዬን ይስጡኝ" አልኩት።

"የትምህርት ቤቱ ሥራ ነው፤ ሲያልቅ ትወስጃለሽ።"

"እናቴ ናት።"

"እንግዲያው ሰው ቢያያት ምን ትሆናለች?" ብሎ ወረቀቱን ማገላበጥ ቀጠለ።

ሲመልሱልኝ ፊት የሚባል ነገር አልነበረባትም። የአንገቷ ጥላ ብቻ፣ ወተት ውስጥ እንደ ወደቀ ቀለም ፈዝዞ ይታያል። የሁላችንም ሥራ እንደዚያው ሆኖ ነበር። መምህሩ ወደ እኔ መጥተው፣ "ስሚኝ፣ ጨለማ ቦታ አስቀምጪው። ሣጥን ውስጥ፣ መጽሐፍ ውስጥ፣ የትም ይሁን። ብርሃን የወሰደበትን ጨለማ ይመልስለታል። ጥቂት ሳምንት ታገሺ" አሉኝ።

የጨለማ ሥራ ደግሞ መጣ! ልጅ ሲያለቅስ ከረሜላ እንደሚሰጡት የሚያባብሉኝ መሰለኝ። ደሜ ፈላ። ጓደኛዬ ክንዴን ይዛ፣ "ኦብሲ፣ ኦብሲ ማሎ" ትለኛለች፤ ታገሺ ማለቷ ነው። ታገሺ የሚለውን ቃል በኦሮምኛም በአማርኛም ያን ቀን ጠላሁት።

"ፈሪ!" አልኳቸው። መምህሬን፣ በተማሪ ሁሉ ፊት። "እርስዎ ፈሪ ነዎት!"

ከቤተ ሙከራው በስተጀርባ ቆሻሻ የሚቃጠልበት ጉድጓድ ነበር። ሁልጊዜ ይጨሳል። ሮጬ ሄጄ ወረቀቷን ሁለት ቦታ ቀደድኳትና ጣልኳት። ደረቅ ወረቀት ናትና ቶሎ ተያያዘች። ቆሜ እስኪያልቅ አየሁት፤ ትክክል ነገር የሠራሁ ይመስል።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ለፈተና ጓደኛዬ ቤት እናጠና ነበር። ባዮሎጂ መጽሐፏን ስትገልጥ ድንግጥ አለችና መልሳ ከደነችው። "ምንድን ነው?" አልኳት። "ምንም" አለች። መጽሐፉን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ ያዘችው። ታግዬ ነጠቅኳት።

መስኮቱ ላይ ከእናቴ አጠገብ የደበዘዘው የእሷ የገብስ ዛላ ነበር። ያኔ መጽሐፉ ውስጥ ከትታ ረስታዋለች። ሰማያዊ ሆኗል። ቅንጣቱ፣ ጢሙ፣ አንዲት የተሰበረች ቅጠሉ ሳትቀር ሁሉም ተመልሶ መጥቷል። ጓደኛዬ እያለቀሰች፣ "ልጥለው ነበር፤ እንዳታዪው ብዬ ነው የከደንኩት" ትለኛለች።

ዛሬ ተማሪዎቼ የደበዘዘ ሥራ ይዘው ሲመጡ ጨለማ ውስጥ አስቀምጡት እላቸዋለሁ፣ እነሱም እሺ ብለው ያስቀምጣሉ። ነገሩ ይህን ያህል ቀላል ነው። እንዲህ ቀላል መሆኑ ያንገበግበኛል።

ዛላውን ባየሁበት ሳምንት፣ ቅዳሜ ነበር። መምህሩ ኪራይ ቤታቸው በር ላይ ልብስ ሲያጥቡ አገኘኋቸው። "ልክ ነበሩ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ" ልላቸው ነው የሄድኩት። አፌ ላይ የመጣው ግን፣ "ለምን እጄን አልያዙኝም?" የሚል ነበር።

እጃቸውን ካፖርታቸው ላይ ጠረጉ። "ልክ ነሽ፤ ፈርቼ ነው" አሉኝ። "ዳይሬክተሩንም ፈራሁ፤ አንቺንም ፈራሁ።" ከዚያ ዱካ አወጡልኝ። "ተቀመጪ። ፎቶዋን ይዘሽ ወደ ቤት የምትሄጂ ቀን ልነግርሽ ያሰብኩት ነገር ነበር" አሉ።

ሽማግሌው ፎቶ አንሺ ኔጋቲቩን ለማግኘት ብዙ አልደከሙም አሉኝ። የእናቴን ስም ሲሰሙ ገና ሳቁ። "ያቺ ቁጡ!" አሉ። እናቴ ልትነሳ ስትገባ እንደ ልማዳቸው የፕላስቲክ አበባ ሰጧት። "አበባ ለምኔ ነው?" ብላ መለሰችላቸው። "እሺ አንገትሽን ዘንበል፣ ፈገግ በይ" አሏት። "ሳቄ ሲመጣ እስቃለሁ፤ እንደሆንኩ አንሳኝ።" "እንዲህ ሆነሽ አላነሳሽም።" "ታዲያ ለምን ፎቶ ቤት ከፈትክ?" ሽማግሌው በንዴት ካሜራውን ተጫኑት። በኋላ አፍረው፣ በነፃ ደግሜ ላንሳሽ ብለዋት ነበር። እሷ ፎቶውን አገላብጣ፣ ብዙ አይታ፣ "የለም፣ ይቺ እኔ ነኝ" ብላ ይዛ ሄደች።

"ቅንድቧ..." አልኩ። "ፀሐይ መስሎኝ ነበር።"

"ፎቶ ቤት ውስጥ ምን ፀሐይ አለ? ንዴት ነው እንጂ። ብሩሹን የወረወርሽ ቀን ያንኑ ፊት ነው ያየሁት። ከዚያ በፊት ኔጋቲቭ የሚባል ነገር ፈልጌ ሰው ቤት ሄጄ አላውቅም" አሉኝ።

ቤት ስደርስ አክስቴ ሱቅ ነበረች። ግድግዳው ላይ ካለው መስታወት ፊት ቆምኩ። ቅንድቤን ሰበሰብኩ። ዳይሬክተሩን አሰብኩ፣ መስኮቱን አሰብኩ፣ ያንን "እሺ" አሰብኩ፣ የሚጨሰውን ጉድጓድ አሰብኩ። ልቆጣ ፈለግሁ፤ አንዴ ብቻ፣ ፊቷን እስካየው። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ቁጣዬ ጠርቼው እምቢ አለኝ። መስታወቱ ውስጥ የምታለቅስ ልጅ ነበረች፤ እሷ ደግሞ እናቴን አትመስልም።