የአሥራ ሦስተኛው ወር ካርዶች

እህቴ ልጇ አልሞተም ትል የነበረው ወረቀት ስላልመጣላት ነው። ከፎገራ ሜዳ አብረውት የዘመቱት ልጆች ሲሞቱ ለየቤታቸው የታተመ ደብዳቤ ደረሰ፣ ተለቀሰ፣ ተዝካር ወጣ። ለእሷ አልደረሰም። መንግሥት ከተለወጠ በኋላ አንድ ጓደኛው ወረታ ድረስ መጥቶ፣ በጳጉሜን ውጊያ ከጎኑ ሲወድቅ በዓይኑ እንዳየው ቢነግራትም አላመነችውም። «ቢሞትማ ወረቀቱ ይመጣ ነበር» ብላ፣ ምሳ አብልታ ሸኘችው። አሁን አርጅታ አልጋ ላይ ከዋለች ሰንብታለች፤ ወንዛዬ ፍል ውሃ ብንወስዳትም ጉልበቷ አልፈታ ብሏል። የንስሐ አባቷ ዓይኗ ሳይከደን ለልጁ ፍትሐት ይደረግለት፣ ተዝካሩም ይውጣለት ይሉ ነበር። እሷ በሕይወት ላለ ሰው ተዝካር አላወጣም ትል ነበር።

ያንን ደብዳቤ የሚያትመውን ፕሮግራም የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ያኔ አዲስ አበባ፣ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ፣ ክፍል የሚሞላ ኮምፒውተር ላይ እሠራ ነበር። ትእዛዙን በእርሳስ ወረቀት ላይ እንጽፋለን፤ ሌሎች ሴቶች ካርቶን ካርድ ላይ እየበሱ ያሰፍሩታል፤ ካርዱ በሣጥን ተደርድሮ ይገባል፤ ውጤቱ በማግስቱ ይደርሰናል። አንዲት ነጥብ ከተዛነፈች የአንድ ቀን ልፋት ገደል ገባ ማለት ነው። ማሽኑ እንዳይግል ተብሎ ክፍሉ እንደ ጉና ተራራ ይበርድ ነበር። እህቴ ልትጠይቀኝ የመጣች ጊዜ ጋቢዋን እንደተከናነበች በር ላይ ቆማ አየችውና «አይሳሳትም?» አለችኝ። «ሰው ነው እንጂ የሚሳሳተው፣ እሱ አይሳሳትም» አልኳት። ገና ልጅ ነበርኩ፣ ጉራዬም ልክ አልነበረውም። እሷ ግን ቃሌን እንደ ወንጌል ያዘችው።

ከግንባር የሚመጣው የሟቾች ዝርዝር በካርድ ይበሳል፤ የእኔ ፕሮግራም ቀኑ ትክክል መሆኑን መርምሮ ደብዳቤውን ያትማል። ቀን መርማሪውን ክፍል አልደከምኩበትም፤ ከፈረንጅ መጽሐፍ እንዳለ ገለበጥኩት። ወሩ ከአሥራ ሁለት ከበለጠ ስህተት ነው፣ ካርዱን ጣለው ይላል። ዝርዝሩ የሚመጣው በእኛው አቆጣጠር ነበር። በየጳጉሜኑ ጠበል እየተጠመቅኩ ያደግኩ ሰው፣ አሥራ ሦስተኛ ወር መኖሩን ረሳሁት። ፈረንጁ ምን አጠፋ?

ከሁለት ዓመት በኋላ ጠረጴዛ ሥር የተጣሉ ካርዶች የታጨቁበት ሣጥን አገኘሁ። አንዱን አነሳሁ፤ ወሩ አሥራ ሦስት። ሌላውንም አነሳሁ፤ አሥራ ሦስት። እነሱን አጣርቶ መመለስ የካርድ ክፍሉ ሥራ ነው እንላለን፣ እነሱም የእናንተ ነው ይሉናል፤ በዚህ መሀል ያያቸው ሰው የለም። ፕሮግራሙን አርሜ ካርዶቹን መልሼ አስገባሁና ደብዳቤያቸው ወጣ። የቀደመው ዓመት ሣጥንስ ብዬ ስጠይቅ፣ ቦታ ስለጠበበ ተቃጥሏል ተባልኩ። ለአለቃዬ መንገር ነበረብኝ፤ አልነገርኩም። በዚያን ዘመን በእንዲህ ያለ ጥፋት ሰው ይታሰር ነበር እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ። እውነቱን ለመናገር የፈራሁት እስራቱን ሳይሆን ውርደቱን ነው።

የእህቴ ልጅ ድምፁ የጠፋው በዚያው በቀደመው ዓመት ነበር። ሁለቱን ነገር ያገናኘሁት ጓደኛው መጥቶ ጳጉሜን ሲል ነው። ያን ዕለትም እህቴን ልጠይቅ ወረታ መጥቼ ነበር፤ አጠገባቸው ተቀምጬ ዝም አልኩ።

ጡረታ ወጥቼ እህቴ ቤት ገባሁ። የሴት ልጇ ልጅ እዚሁ ወረታ ኮምፒውተር ታስተምራለች። ባለፈው ክረምት፣ ሜዳው ውሃ ለብሶ፣ የጎረቤቱ የሩዝ ወፍጮ እያጓራ፣ ስልኳን ሰጠችኝ።

«ይኸ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው፣ እትየ። ፕሮግራም ይጽፋል፤ ይሞክሩት እስቲ። ግን ይሳሳታል፣ ያለውን ሁሉ አይመኑት» አለችኝ።

የእኛን ማሽን እንዲህ ብሎ ያስተዋወቀ ሰው አልነበረም። የሞት ቀን ትክክል መሆኑን የሚመረምር ፕሮግራም ጻፍልኝ አልኩት፣ በአማርኛ። ከመጀመሩ በፊት መልሶ ጠየቀኝ፤ ቀኑ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከሆነ ጳጉሜንን ላካትት ወይ አለኝ። ስልኩን ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት። ያኔ እኔ ራሴን አንድ ጊዜ ብጠይቅ ይበቃ ነበር። ልጅቱ ምን ሆኑ ስትለኝ፣ ደህና ይሠራል አልኳትና ስልኳን መለስኩላት።

በማግስቱ ጧት ልጅቱ የክረምት ትምህርት ልታስተምር ስትሄድ ከእህቴ ራስጌ ተቀመጥኩ።

«እታለም፣ ወረቀቱ የቀረው ልጁ ስላለ አይደለም። እኔ ነኝ ያስቀረሁት።»

ካርዱንም፣ ወሩንም፣ የተቃጠለውን ሣጥንም ነገርኳት።

«ይኸን መቸ አወቅሽው?» አለችኝ ስጨርስ።

«ጓደኛው የመጣ ጊዜ።»

በጣቶቿ ዓመቱን ቆጠረች።

«እንግዲያ ይኸን ሁሉ ዘመን» አለች፣ «ልጄን ነፍስ ይማር ያለው ሰው የለም።»

ተዝካሩ በሳምንቱ ወጣ። የንስሐ አባቷ ከአልጋዋ አጠገብ ቆመው፣ በእንግዳው ሁሉ ፊት፣ «እግዚአብሔር ይስጥሽ ልጄ። እኛ ስንት ዘመን ለምነን ያቃተንን አንች አሳመንሻት። ዕድሜሽን ያርዝመው» ብለው መረቁኝ። እህቴ ቀና ብላ አየችኝ። እኔም አሜን አልኩ።