ዛፉ ሲያብብ

ልጅ እያለሁ ሁለት ስም ነበረኝ። ቤት ውስጥ ትርንጎ፣ ትምህርት ቤት ንፍጧ። ሁለተኛውን ማን እንዳወጣልኝ አላውቅም። ደግነቱ ዓመቱን ሙሉ አልጠራበትም ነበር፤ ዛፉ ሲያብብ ይመጣል፣ አበባው ሲረግፍ ይረሳል።

የምንኖረው መልካ ወረር ነበር። አባቴ አበራ የጥጥ እርሻው ቢሮ ውስጥ ጸሐፊ ስለነበር ከሠራተኞቹ ቤቶች አንዱ ደርሶን ነበር፤ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ መስኮቱ የሽቦ ወንፊት። የዚያን አገር ሙቀት የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ቀትር ላይ የበሩ እጀታ እጅ ያቃጥላል። ስለዚህ ያ ከውጭ የመጣው እሾሃማ ዛፍ፣ «ቶሎ ያድጋል፣ ውሃ አይጠይቅም» ተብሎ ችግኙ በዘመቻ ሲታደል አባቴ አንዱን ከመኝታ ቤታችን መስኮት ሥር ተከለ። እውነትም ቶሎ አደገ። እኔ ትምህርት ቤት ስገባ ጥላው ግቢውን ሸፍኖት ነበር። ከሥራ መልስ የአባቴ ጓደኞች እዚያ ሥር ሰሌን አንጥፈው ዳማ ይጫወታሉ፤ ሰፈርተኛውም «አበራ ጥላ እንገናኝ» ይባባላል። አባቴ ከደጋ መጥቶ በዚያ በረሃ ውስጥ ይኮራበት የነበረ ነገር ቢኖር ያ ጥላ ነው።

ሲያብብ ቢጫ ነው፤ ከየቅርንጫፉ አባጨጓሬ የመሰለ አበባ ይንጠለጠላል፣ ሽታውም ጣፈጥ ይላል። ንፋስ ሲነሳ ብናኙ በወንፊቱ ሾልኮ አልጋዬ ላይ፣ ትራሴ ላይ፣ የውሃ እንስራው ክዳን ላይ ያርፋል። ጠዋት ዓይኔ ተጣብቆ እነሳለሁ። ላንቃዬን ይበላኛል፣ ከዚያ ማስነጠስ ይጀምረኛል፤ አንዴ ከጀመረኝ ማቆሚያ የለውም። መሐረቤ ቶሎ ስለሚርስ አፍንጫዬን በዩኒፎርሜ እጅጌ እጠርግ ነበር፤ እረፍት ሲደወል እጅጌዬ ደርቆ ካርቶን ይሆናል። አብራኝ የምትቀመጠው ልጅ ቀስ በቀስ ወደ ዳር ሸሸች፣ በኋላም ዴስክ ቀየረች። «የሳምባ በሽታ ነው፣ በሷ ኩባያ እንዳትጠጪ» ብላ እናቷ እንዳስጠነቀቀቻት ራሷ ነገረችኝ። ከዚያን ቀን ወዲያ ውሃ ቢጠማኝም ከቤት ውጭ አልጠጣም ነበር።

ሱቅ የነበረቻቸው ጎረቤታችን እትዬ ዘሃራ፣ የወሎ ሰው ናቸው፣ ጥቁር አዝሙድ በጨርቅ ቋጥረው ሰጡኝ። «አሽትቺው የኔ ልጅ፤ አላህ ያሽርሽ» ይሉኛል ባለፍኩ ቁጥር። እናቴ ግን ክሊኒክ ወሰደችኝ። ጤና ረዳቱ ደረቴን አዳምጦ፣ «ሳምባዋ ደህና ነው። አቧራና የአበባ ብናኝ ነው የሚያስቆጣት። መድኃኒት ከመፈለግ ቤቱን ከአቧራ ጠብቁላት» አላት።

እናቴ ያን ቃል ይዛ ቤቱን እንደ አዲስ ትሠራው ጀመር። የጥጥ ፍራሼን አውጥታ ስትመታው ፀሐይ ላይ የሚነሳው አቧራ ትዝ ይለኛል። ደረቅ መጥረጊያ ተከለከለ፤ መጀመሪያ ውሃ ይረጫል፣ ከዚያ ይጠረጋል። ልብሳችን ዛፉ ሥር መሰጣቱ ቀርቶ ጓዳ ውስጥ ተሰጣ። ማታ ማታ ፀጉሬን ሳልታጠብ ትራስ አልነካም። ንፋስ በሚነሳበት ሰዓት ደግሞ አሮጌ አንሶላ ውሃ ነክራ መስኮቱ ላይ ትወጥራለች፤ ስታወርደው ቢጫ ሆኗል። ተሻለኝ፤ ግን አልዳንኩም።

«አበራ፣ ዛፉ ነው» አለችው አንድ ቀን፣ አንሶላውን ዘርግታ እያሳየችው።

«አገር ሙሉ ይኸው ዛፍ አይደል እንዴ? ያንዱ መቆረጥ ምን ይፈይዳል?» አላት። «ደሞስ እኔ ነኝ በዘመቻው ትከሉ እያልኩ የቀሰቀስኩ። ዛሬ ስቆርጠው ምን ይሉኛል?»

እናቴ አንሶላውን አጥፋ ገባች።

በዚያው ሰሞን የሠራተኞች ቀን ደረሰ። ድምፄ ጎላ ያለ ስለነበር አስተማሪያችን ግጥም እንዳነብ መረጠችኝ። እናቴ «ይቅርባት፣ ዛፉ አብቧል» ብላ ለመነች፤ እኔ ግን አልቅሼ እምቢ አልኩ። በዚያ መድረክ ላይ አሳምሬ ካነበብኩ ያ ስም የሚቀርልኝ መስሎኝ ነበር። የእርሻው ኃላፊዎች፣ የቀበሌ ሊቀመንበሩ፣ ቀይ ሻሽ ያሰሩ ልጆች፣ ሁሉም ሜዳው ላይ ነበሩ። አባቴ ከፊት ወንበር ተቀምጧል። የመጀመሪያዎቹን ስንኞች ደህና አልኳቸው። ከዚያ ላንቃዬን በላኝ። አፌን ማይክራፎኑ ላይ እንደደገንኩ አስነጠሰኝ፤ ድምፁ በድምፅ ማጉያው ሜዳውን ሞላው። ደገመኝ፣ ሰለሰኝ። ንፍጤ ከንፈሬ ላይ ወረደ። መሐረብ አልያዝኩም ነበርና በአዲሱ ሸሚዜ እጅጌ ጠረግኩት። ከልጆቹ መሐል አንዱ ስሜን ጠራ፣ ያኛውን ስሜን። ትልቅ ትንሹ ሳቀ። አባቴን ፈለግኩት፤ አንገቱን ደፍቶ ጫማውን ያያል።

ወደ ቤት ስንመለስ ከፊቴ ከፊቴ ሄደ። እራት አልበላም። እኔም ለመብላት አፈርኩ።

በማግስቱ የቀሰቀሰኝ የመጥረቢያ ድምፅ ነው። አባቴ በካናቴራ ሆኖ ዛፉን ይቆርጣል። እሾሁ መዳፉን ወግቶት ደም በክንዱ ይወርዳል፤ እናቴ ከበሩ ላይ ሆና ታየዋለች፣ አልከለከለችውም። ከሥራ መልስ ጓደኞቹ ሰሌናቸውን ይዘው ሲመጡ ግቢው ባዶ ሆኖ ጠበቃቸው።

«ምነው አበራ?» አለው አንዱ።

«ልጄን እያመማት ነው» አለ አባቴ። ሌላ ምክንያት አልሰጠም። ሰዎቹ ሌላ ጥላ ፍለጋ ሄዱ። ጉቶው ግን የሚሞት አልነበረም፤ ባቆጠቆጠ ቁጥር አባቴ መጥረቢያውን ያነሳል። እኔ ተሻለኝ፤ መስኮቴ ተከፈተ። ልቤ ግን አልተከፈተም። አለቆቹ ፊት ስላዋረድኩት ተናዶ የቆረጠው ነው የሚመስለኝ፤ ይህንን ይዤ አደግኩ።

አባቴ ጡረታ ወጥቶ አዋሽ ከተማ መኖር ከጀመረ በኋላ ልጠይቀው ሄጄ፣ በረንዳ ላይ ቁጭ ብለን፣ በመጨረሻ ደፈርኩ። «አባዬ፣ ያን ቀን አሳፍሬህ ነበር አይደል?»

የቱን ቀን አላለኝም። «አንቺ?» አለ። «እናትሽ ስንት ጊዜ ነገረችኝ። ሰው ምን ይለኛል ብዬ ነው ዝም ያልኩት። እዚያ ላይ ቆመሽ ሳይሽ ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።»

አሁን የምኖረው ሰመራ ነው። ያ ዛፍ ሸለቆውን ወርሶታል፤ ከአዋሽ በአዳይቱ አድርጎ ወደ ሚሌ ለሚወጣ መንገደኛ ግራ ቀኙ እሱ ነው። አፋሮቹ የደርግ ዛፍ ይሉታል። የእኔም ልጅ በአበባው ወቅት ታስነጥሳለች። ክፍሏ ውስጥ ሲጀምራት እጇን አውጥታ «አለርጂ አለብኝ፣ መስኮቱ ይዘጋ» ትላለች አሉ፤ ጓደኛዋ ተነስታ ትዘጋላታለች፣ ትምህርቱም ይቀጥላል። ለእኛ ያ ቃል አልደረሰልንም፤ ለበሽታውም ለበሽተኛውም የነበረን ስም አንድ ነው። ልጄ በዚህ ነገር አለማፈሯን ሳይ ደስ ይለኛል፣ ትንሽም እቀናባታለሁ። እኔ ዛሬም ስብሰባ መሐል አፍንጫዬን ሲበላኝ፣ ሰው ሳያየኝ ተነስቼ እወጣለሁ።