አውሮፕላን ውስጥ ያነጠፍኩት ነጠላ

የሄድኩት ልጄን ለማረስ ነው። ዱባይ ናት፤ የመጀመሪያ ልጇ። «እማዬ፣ ምጡ ሲመጣ ብቻዬን እፈራለሁ» ብላ በስልክ ስታለቅስብኝ፣ ከአንኮበር ገደል ሌላ ከፍታ የማላውቀው ሴትዮ ፓስፖርት አወጣሁ! የገንፎ ዱቄቱን ሻንጣ ውስጥ ጠቅጥቄ ከደብረ ብርሃን ወረድኩ።

አውሮፕላኑ ውስጥ ገና ሳንነሣ የወንበሩን እጀታ ጨብጬ ይዣለሁ። ቀበቶዬን ያሰረችልኝም አስተናጋጇ ናት። ትንሽ እንዘገያለን አሉን፤ ቆይተው ደግሞ ሌላ ትንሽ። ሕፃናቱ ይጮኻሉ፣ ሰው በወረቀት ያራግባል። በዚህ መሀል የልጄ ባል ደወለ።

«እማማ፣ ምጡ ጀምሯታል። ተነሣችሁ?»

«አሁን ልንነሣ ነው» አልኩት።

ልንነሣ! ከፊቴ አንድ ጎልማሳ ብድግ ብሎ አልቀመጥም አለ። ካርቶኑ ከላይ ካለው ማስቀመጫ አልገባ ብሎ፣ ከሻንጣዎቹ ጋር ታች ይጫን ብለውታል።

«ስታጉላሉን ውላችሁ አሁን ደግሞ ዕቃዬን? አልሰጥም! ከፈለጋችሁ ጎትታችሁ አውርዱኝ!»

«ጌታዬ፣ እርስዎ ካልተቀመጡ አንነሣም» አለች አስተናጋጇ።

«አውርዱት!» ይላል አንዱ። «እሱ ወርዶ ሻንጣው ሲፈለግ እኛ እዚሁ ልናረጅ ነው!» ይላል ሌላው። ከኋላ ደግሞ አንድ ቀልደኛ «ወንድሜ፣ ካርቶኑን እኔ አቅፈዋለሁ፣ አንተን እሷ ትቀፍህ» ብሎ ሰዉን አሳቀ። ሰውየው ባሰበት። ወደ ቀልደኛው በመተላለፊያው ተንደረደረ።

የልጄ ፊት ድቅን አለብኝ። ቀበቶውን ብታገለው አልፈታ አለኝ፤ በሥሩ ሾልኬ ወጣሁ! ነጠላዬን ከትከሻዬ ገፍፌ እግሩ ሥር አነጠፍኩት። እኛ አገር ወንዶች ሲጋጩ እናት ነጠላዋን መሀላቸው ከጣለች የሚረግጠው የለም።

«እማማ! ምን እያደረጉ ነው? ይቀመጡ እንጂ!» አለች አስተናጋጇ። ለካ አስቸጋሪዋ እኔ ሆኛለሁ።

«ቆይ አንቺ ልጅ። አንተ፣ እናት አለችህ?»

«አለችኝ» አለ ቁና ቁና እየተነፈሰ። «ዓልዩ አምባ።»

ዓልዩ አምባ! በልጅነቴ ከእናቴ ጋር ገበያ የምወርድበት!

«እኔ የአንኮበር ነኝ። ልጄ ምጥ ላይ ናት። ሳልደርስላት ብትወልድ ካርቶንህ ይክሰኛል?»

የጫማው ጫፍ ጥለቱን ነክቶታል። ቁልቁል አየና እሳት እንደረገጠ ሰው ወደ ኋላ ሸሸ።

«አስተግፊሩላህ! እናቴ፣ አላየሁም።»

ራሱ አነሣው፤ አራግፎ ትከሻዬ ላይ መለሰልኝ። ካርቶኑንም ለአስተናጋጇ ሰጣት። «እናቴ ያሰናዳችው በርበሬ ነው፣ አደራ» አለና ቁጭ። ሰዉ አጨበጨበ!

አውሮፕላኑ መሬት ሲለቅ የፊቴን ወንበር አንቄ «ድረሽልኝ ማርያም!» ብዬ ስጮኽ፣ ዞር ብሎ «አይዞዎት፣ ይደርሳሉ» ያለኝም እሱው ነው።

ደረስኩ! ልጄ እጄን ልትሰብረው ምንም አልቀራትም፤ «መጣሽ? መጣሽ?» ትለኛለች። ሴት ወለደች።

የሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ወጥቼ እልልታዬን ለቀቅኩት። ነርሷ ጣቷን አፏ ላይ አድርጋ ወደ እኔ ሮጠች፤ ጥበቃውም ተከተላት፤ በቋንቋቸው ዝም በይ ይሉኛል። ማን ሊሰማቸው! ነጠላ አንጥፋ የምታስቆመኝ እናት እዚያ አልነበረችም።