ያለ ሰዓቱ የጮኸው ሲረን

ረቡዕ ረቡዕ፣ ልክ እኩለ ቀን ሲሆን፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ ቢውልም የኮሎምበስ ከተማ ሲረን ይጮኻል። የአውሎ ነፋስ ማስጠንቀቂያው መሥራቱን የሚሞክሩበት ሰዓት ነው። እዚህ ሰፈራችን ኢስትሙር ማንም ቀና ብሎ አያይም፤ ፊት ለፊት ያሉት ጎረቤቴ ሣራቸውን ማጨዳቸውን አያቆሙም፣ ውሻቸው እንኳ ለምዶታል። እኔ ግን ይህን ሁሉ ዓመት ኖሬም አልለመድኩትም። ድምፁ ከታች ተነሥቶ እያደገ ሲወጣ እጄ የያዘውን ያስቀምጣል። ረቡዕ ጾም ነውና ሆዴ ባዶ ነው፤ ባዶ ቤት ድምፅ እንደሚያስተጋባው ይሆናል እላለሁ።

በሚያዝያ አንድ ረቡዕ ልጄ ሶስና የወጥ ቤቱን በር ተደግፋ አንድ ነገር ጠየቀችኝ። እግዚአብሔር ተስፋ ከቆረጥኩ በኋላ የሰጠኝ አንድ ልጄ ናት፤ አባቷ ካረፈ ወዲህ በዚህ ቤት የምንኖረው እኔና እሷ ብቻ ነን። ዶክትሬቷን የምትማርበት ዩኒቨርሲቲ ተቀብሏታል፤ ግን በመኪና ሁለት ቀን የሚያስኬድ ሩቅ ስቴት ነው። እዚሁ ኮሎምበስ አጠገብ፣ ደብሊን በምትባለው ከተማ ደግሞ ጥሩ የቢሮ ሥራ አግኝታለች፤ ጠዋት ሄዳ ማታ ቤቷ ትገባለች።

"ማሚ፣ ዛሬ ዲሳይድ ማድረግ አለብኝ" አለችኝ። "ብቻሽን ልትሆኚ ነው። ቅሪ ካልሽኝ እቀራለሁ። አይ ሚን ኢት፣ እውነቴን ነው።"

አፌን ከፈትኩ። "ቅሪ" የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ነበር። ያን ጊዜ ሲረኑ ጀመረ።

ያደግኩት የባቡር ሐዲድ በሚያልፍባት ትንሽ ከተማ፣ ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ግንብ ጀርባ ነው። አባቴ ገብሬ የቦይለር ሠራተኛ ነበር፤ እሳቱን የሚጠብቀውም፣ ሲረኑን የሚነፋውም እሱ ነው። በሰፈራችን የግድግዳ ሰዓት ያለው ሰው ስላልነበረ ሴቶቹ ድስታቸውን የሚጥዱት "ገብሬ ነፋ እንዴ?" ተባብለው ነው፤ አባዬ ያመመው ቀን ምሳ በከተማው ሁሉ ይዘገያል። ማታ ሲገባ ሸሚዙ የእሳት፣ የእንፋሎትና የትኩስ ጥጥ ሽታ ይዞ ይመጣል። ዛሬም ከማድረቂያው የሞቀ ልብስ ሳወጣ ያ ሽታ ፊቴን ሲመታኝ፣ አባዬ ከኋላዬ የገባ እየመሰለኝ ቆም እላለሁ።

የፋብሪካው ባለቤት ሚስተር ዳያል የሚባሉ ህንዳዊ ነበሩ። ቀጭን፣ አጭር ሰው፤ በጋ ከክረምት ያንኑ ግራጫ ኮት የሚለብሱ፣ መኪናቸውን ለታመመ ሠራተኛ ልከው እሳቸው በእግራቸው የሚሄዱ። ሴቶቹ ጋሽ ዳያል ይሏቸው ነበር። አንድ ልማድ ነበራቸው፤ የሠራተኛ ልጅ ማትሪክ አልፎ ዩኒቨርሲቲ ሲመደብ ያለ ሰዓቱ ሲረን ያስነፋሉ። ማሽኑ ሁሉ ይቆማል። ፀጉራቸው ላይ ብናኝ ጥጥ የሰፈረባቸው ፈታዮች እልል እያሉ ይወጣሉ፣ ቤት የዋለውም በሩን ከፍቶ "የማን ልጅ ነው? የማን ልጅ?" እያለ ወደ ፋብሪካው በር ይሮጣል። እዚያ ጋሽ ዳያል ልጁን በሰው ፊት አቁመው አዲስ ጥንድ አንሶላ ያሸክሙታል። ዶርም የሚያድር ሰው አንሶላ ያስፈልገዋል ነው የሚሉት። የእኛ ከተማ ልጅ ወርቅ አይመኝም ነበር፤ ያን አንሶላ ነው የሚመኘው።

እኚህ ሰው ሥጋ፣ ዶሮ፣ እንቁላል አይቀምሱም። እናቴ ይህን ከሰማች ጀምሮ ስታሰላስል ኖራ፣ ዓመቱን ሙሉ የሚጾም ሰው በስውር የመነነ መሆን አለበት ብላ ደመደመች። ያስጨነቃት ግን ሌላ ነው፤ ቤተ ዘመድ ስለሌላቸው የሚያስፈስካቸው ሰው አጥተው ጾሙን መፍታት እንዳልቻሉ ገባት። አንድ የፋሲካ ጠዋት ያለችንን አንድ ዶሮ ሠርታ፣ እንቁላሉን ከላይ ደርድራ፣ ድስቱን በነጭ ጨርቅ አሥራ ወደ ቤታቸው ላከችው። ጋሽ ዳያል ድስቱን በሁለት እጃቸው ተቀብለው፣ ዝቅ ብለው እጅ ነሥተው አስገቡት። ዶሮውን ማን እንደ በላው ዘበኛው ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው የነገረን፤ እናቴን መርቋት ነበር የበላው።

በሳምንቱ ድስቱን ራሳቸው ይዘው መጡ። በአገራቸውም በአገራችንም የሰው ዕቃ ባዶውን አይመለስምና፣ በኦቾሎኒና በስኳር የተሠራ ጣፋጭ ሞልተውበታል። እኔ መደቡ ላይ ደብተሬን ዘርግቼ ሒሳብ እሠራ ነበር። ጎንበስ ብለው አዩልኝና "የእሷን ሲረን መቼ ነው የምንነፋው?" ብለው አባዬን ጠየቁት።

"ጌታዬ፣ እሷን ለባቡር ጣቢያው ጸሐፊ ልጅ ጠይቀውናል" አለ አባዬ፣ ከመቀመጫው ተነሥቶ። "ያለችን አንድ ናት። ርቃ ከሄደች እኔንና እናቷን ማን ይጦረናል?"

ጋሽ ዳያል በርጩማው ላይ ተቀመጡ። ስለ ራሳቸው ሲናገሩ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። እናታቸው እሳቸውን ትምህርት ቤት ለማስገባት የእጇን አምባር ሸጣ ነበር፤ አባታቸው ሲሞት ግን ትምህርቱን አቋርጠው፣ ገና ጢም ሳያበቅሉ በመርከብ ጅቡቲ ወርደው፣ ሐዲዱን ተከትለው ጨርቅ በትከሻቸው እያዞሩ ነው እኛ ጋ የደረሱት። ከፋብሪካው ባገኙት ገንዘብ በትውልድ ከተማቸው ኮሌጅ አሠርተዋል፤ በሩ ላይ የእናታቸው ስም አለ። ያን በር ግን በፎቶግራፍ እንጂ በዓይናቸው አላዩትም። ሄደው ለማየት ያልቻሉት ከሥራ ብዛት መሆኑን ሲናገሩ እንደማፈር ብለው ነበር።

ከዚያ ወደ አባዬ ቀና አሉ። "ገብሬ፣ ለሰው ልጅ ሁሉ ነፍተሃል። ለአንተ ልጅ ማን ይንፋ?"

አባዬ ለጸሐፊው ቤተሰብ እሺም እምቢም ሳይላቸው ቆየ፤ እነሱም ሰልችተው ሌላ አጩ።

ብዙም ሳይቆይ ፋብሪካው ለመንግሥት ሆነ። ጋሽ ዳያል አንድ ሻንጣ ይዘው ሲወጡ በቦይለር ክፍሉ በኩል ዞረው፣ የሲረኑን እጀታ በመዳፋቸው ነክተው፣ አባዬን ጨብጠውት ሄዱ አሉ። አዲሱ ሥራ አስኪያጅ ከፈረቃ ሰዓት ውጪ ሲረን እንዳይነፋ ከለከለ። ዘመኑም የፍርሃት ነበር፤ ያለ ሰዓቱ የተሰማ ድምፅ ሁሉ ሰው ያስደነግጣል። ከዚያ በኋላ ያለፉት ልጆች ልብሳቸውን በፌስታል ቋጥረው፣ ማንም ሳያያቸው በጠዋቱ ባቡር ነበር የሚሄዱት።

የእኔ ውጤት የመጣ ቀን አባዬ ወረቀቱን አገላብጦ አየና ለእናቴ መለሰላት። ማንበብ አይችልም ነበር። "አለፈች?" አላት። "አለፈች" አለችው። ኮፍያውን ደፍቶ ወጣ። እኛም ወደ ጠላ ቤት የሄደ መስሎን ነበር።

ሲረኑ ሲጮኽ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም፤ የፈረቃም ሰዓት አልነበረም። ሰው በመጀመሪያ በሩን ቀረቀረ። ሲረኑ አላቆመም። ቀስ በቀስ አንድ በር ተከፈተ፣ ቀጥሎ ሌላ፤ ከወዲያ ማዶ የአንዲት አሮጊት ፈታይ ድምፅ "የማን ልጅ ነው?" አለ። እናቴ ደጃፉ ላይ ቆማ "የገብሬ ናት! የእኔ ናት!" ብላ እልልታዋን አቀለጠችው፤ መንደሩ ሁሉ ተቀበላት።

አባዬን ከዚያው አሥረው ወሰዱት። ስንት ደጅ ተጠንቶ፣ ስንት ስለት ተሳለ። የተመለሰው ራሱን ተላጭቶ፣ ከስቶ ነው፤ እናቴ አንገቱ ላይ ተጠምጥማ ስታለቅስ "ትንሽ አስረዘምኩት መሰለኝ" ብሎ ሳቀ። አንሶላ የሚሰጥ አልነበረምና እናቴ ከራሷ አልጋ ላይ ያለውን አጥባ ሰጠችኝ። እነሱን ማንም አልጦራቸውም፤ እኔ ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ሩቅ አገር ተመድቤ ሳስተምር ተከታትለው አረፉ። ጋሽ ዳያልም በትውልድ ከተማቸው አርፈዋል ሲባል ሰምቻለሁ። የኮሌጃቸውን በር አይተውት ይሆናል። የእኔ ሲረን መነፋቱን ግን የነገራቸው ሰው የለም።

ሲረኑ ሲያበቃ ሶስና አሁንም በሩን ተደግፋ መልሴን ትጠብቅ ነበር።

"ሂጂ" አልኳት።

"ሹር ነሽ?"

"ሂጂ ብያለሁ። ስትሄጂ ግን ረቡዕ ይሁን።"

"ኋይ ረቡዕ? ሳተርደይ እኮ ኦፍ ነሽ።"

"ረቡዕ ጥሩ ቀን ነው" አልኩ። ሌላ ምን እላታለሁ።

በነሐሴ፣ ፍልሰታ እንዳለቀ ሄደች። ከሰዓት በኋላ ገብቼ ዕቃ ከማሽግበት ዌርሃውስ ፈቃድ ጠይቄ ቀረሁ። ቀጥሎ ካለው ሰፈር ከቤክስሊ የገዛሁላትን ጥንድ አንሶላ አጥቤ፣ አድርቄ፣ ገና ሙቀቱ ሳይወጣለት ከኋላ ወንበር ላይ አኖርኩት። "ማሚ፣ አንሶላ እኮ አለኝ" አለች፤ ግን ወሰደችው። ልትሄድ ስትል በሆነ ባልሆነው አዘገየኋት፤ ጎማውን እዪ፣ ውኃ ያዢ፣ የአባትሽን ፎቶ ተሰናበቺ እያልኩ። ሞተሩን ስታስነሣ ሲረኑ ጀመረ። መኪናዋ ከግቢ ስትወጣ ነጠላዬን ትከሻዬ ላይ እንደጣልኩ መንገዱ ዳር ቆሜ፣ ድምፄ እስኪሰነጠቅ እልል አልኩ። ሶስና በመስኮቷ አንገቷን አውጥታ እየሳቀች "ማሚ፣ ኦ ማይ ጋድ!" አለች። እየሳቀች ዕንባዋ ይወርድ ነበር።

መኪናዋ ታጠፈች። ሲረኑም እንደ ደከመ ሰው ወረደ፣ ወረደና ዝም አለ። ጎረቤቴ ከሣር ማጨጃቸው ላይ ሆነው እጃቸውን አነሡልኝ፤ እኔም አነሣሁላቸው። መንገዱን እስከ ጫፉ አየሁት። በሮቹ ሁሉ እንደተዘጉ ናቸው። "የማን ልጅ ነው?" ያለ የለም።

"የእኔ ናት" አልኩ፣ ቀስ ብዬ። ተመስገን ብዬ ገባሁ፤ ጾሜን የምፈታበት ሰዓት ገና ነበር።