የሚታማው ሰው ወንበር

እሁድ ከሰዓት አትላባራ ሰፈር ወደሚገኘው የሮዳስ ምግብ ቤት አንድ ቀልደኛ ይመጣል። ጋምቤላ ያደገ ሎጋ ነው፤ የኮቱ እጅጌ ያጥረዋል። ባለቤቷ ሮዳስ ስሙን ለመጠየቅ እስካሁን አፍራለች። ባለሥልጣን ላይ ሊቀልድ ሲል አንድ የፕላስቲክ ወንበር ጠራርጎ ፊት ለፊቱ ያስቀምጣል።

«ለማን ነው?» አለችው አንዴ።

«ለማማው ሰው፣ እትዬ። ቅር ካለው ቁጭ ብሎ ይጠይቀኝ፤ መልስ አለኝ።»

«ይዘውህ ቢሄዱስ?»

«ወንበሩን አደራ።»

ዛሬ፣ «የመንገድ ሥራ አለቃው ጉዴሌ ሰፈር ባለው ጭቃ ውስጥ ዓሣ ሊያረባ ነው» ብሎ ሰዉን ሲያስቅ፣ አለቃው ራሱ ገብቶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ሳቁ ቆመ።

ቀልደኛው ኮቱን ቆለፈ። «እንኳን መጡ። ይጠይቁኝ።»

ሰውየው ጫማው ላይ ያለውን ጭቃ አየት አደረገ።

«ከመጀመሪያው ድገምልኝ» አለ። «መንገዱ አስረፍዶኝ ነው።»