የማክተልድ እንቅልፍ

ሃርለም ከተማ፣ ከዓሣ ገበያው ጀርባ፣ ማክተልድ የምትባል ባል የሞተባት ሴት ቢራ ትሸጥ ነበር። እጇ የማያርፍ፣ አፏም መልስ የማያጣ ሴት ናት። በረዶ በበዛበት አንድ ክረምት ልጇ ክላርቼ በትኩሳት ወደቀችባት። ሌሊቱን ስታስታምም፣ ቀኑን ቢራ ስትቀዳ ሰንብታ፣ አንድ ቀትር ላይ ጠረጴዛው ላይ እንደተደገፈች እንቅልፍ ጣላት። ደንበኛዋ ሠዓሊው ኤቨርት ጥግ ይዞ ይጠጣ ነበርና ዝም ብሎ ሥዕሏን ነደፈ።

ልጅቷ ዳነች። በረዶው ሲቀልጥ ግን ጠጪዎቹ በሩ ላይ ሲደርሱ፣ "ቀስ በሉ፣ እንዳትቀሰቅሷት" እየተባባሉ ይሳሳቁ ጀመር። ብታጠያይቅ ኤቨርት ሥዕሉን ለአንድ የጨርቅ ነጋዴ ሸጦታል። ሥዕሉ ላይ እሷ ተኝታ፣ እግሯ ሥር ማሰሮ ተደፍቷል፣ ቢራውን አሳማ ይልሰዋል፣ አንድ ጎረምሳ ኪሷን ይበረብራል።

ኤቨርት ሲመጣ ጠበቀችው።

"እኔ ቤት አሳማ አይተህ ታውቃለህ?"

"አላውቅም።"

"ታዲያ ከየት አመጣኸው?"

"ሥዕል ትርጉም ይፈልጋል፣ ማክተልድ። ደክሟት የተኛች ሴት ብዬ ብስል ማን ይገዛኛል?"

"ልጄ ታማ እንደነበር ታውቅ የለም?"

"አውቃለሁ። እሱ ግን አይሣልም።"

ከዚያ ወዲያ ቢራዋን እንዳይቀምስ ነግራ አስወጣችው። ንጹሕ ሻሿን አስራ ወደ ነጋዴው ቤት ሄደች። የነጋዴው ሚስት ሥዕሉን ለማየት የመጣች መስሏት በደስታ አስገባቻት።

"አየሻት ይህችን ሰካራም? ቤቷ ሲዘረፍ እሷ ታንኮራፋለች። ለገረዶቼ መማሪያ ብዬ ነው የሰቀልኳት።"

"እሜቴ፣ እሷ እኮ እኔ ነኝ። ያን ቀን ጠብታ አልቀመስኩም። ልጄ ታማብኝ ነው።"

ሴትየዋ አንዴ ሥዕሉን፣ አንዴ እሷን አየች።

"ተይ ባክሽ፣ አንቺማ ጨዋ ሴት ነሽ። እንዲህ ካለችው ጋር ምን አገናኘሽ?"

ስድብ ቢሆን ማክተልድ መልስ አታጣም ነበር። ለደግነት ግን ምን ይባላል? ሴትየዋ ያስያዘቻትን የማር ዳቦ ይዛ ወጣች።

ጠጪዎቹ ቀልዱ ሰልችቷቸው ተዉት። እሷ አልተወችውም። ከዚያ ወዲህ ሰው ባለበት ተቀምጣ ያያት የለም። ክላርቼ አድጋ ቤቱን ከተረከበችም በኋላ፣ "እማዬ፣ እግርሽ አብጧል፣ አረፍ በይ እንጂ" ስትላት፣

"ተቀምጬ ደግሞ ምን ልባል?" እያለች ቆማ ዋንጫ ታጥብ ነበር።